ኤሚልየን ሾርባውን ያልጨረሰበት ቀን

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት የምከፍተው ጠርሙስ ሁሉ ኮምጣጤ ይሁንብኝ፤ ለእኛ ለሜዶክ የወይን አገር ሰዎች ከዚህ የከፋ መሐላ የለም። ሰው በገዛ ወይኑ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ ስላችሁ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው!» እንደምትሉ አውቃለሁ። የሰፈሬ ሰዎችም እንደዚያ ይሉኛል። ሬሳውን ተሸክመው የቀበሩት ግን እነሱ ራሳቸው ናቸው።

ሟቹ ኤሚልየን ላባዲ ይባላል፤ ሻቶ ካንትኩኩ በሚባለው የወይን እርሻ የጓዳው አለቃ ነበር። በየካቲት ወር አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሚስቱ ሊዮንቲንና የክርስትና ልጁ ፍሎራን ፈልገው ፈልገው፣ በትልቁ የእንጨት ጋን ውስጥ ፊቱን ደፍቶ ተንሳፍፎ አገኙት። ጋኑ የያዘው የዓመቱን ቅይጥ ነው። ኤሚልየን ከአራት ዓይነት የወይን ዘር አዋድዶ፣ አስታርቆ፣ አንድ ቤተሰብ ያደረገው ቅይጥ።

ሲነጋ የመንደሩ ግማሽ «ሰክሮ ነው የወደቀው» አለ። ሌላው ግማሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ራሱን ነው የጣለው» አለ። ሊዮንቲን ሁለቱንም ሰማች። የሻቶው ወጥ ቤት የእሷ ነውና ወሬ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ይገባላታል። ሰክሮ ከሆነ ዕድሜዋን የኖረችው ከማታውቀው ሰው ጋር ነው። ራሱን ጥሎ ከሆነ ደግሞ የገደለችው እሷ ናት። ለምን እንደሆነ ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም።

ከቦርዶ የተላከው መርማሪ ፎርቱኔ ላካዝ ይባላል። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሲሄድ የተኛ ይመስላል፤ ሲያይ ግን ቁንጫ ስትዘል የትኛውን እግሯን እንዳስቀደመች ይነግራችኋል። በጉርምስናው በካንትኩኩ ወይን ለቅሟል። ወይን ቀምሶ መትፋትን ያስተማረው ሟቹ ራሱ ነው። ስለዚህ ጋኑ ጫፍ ላይ በመሰላል ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ፣ መጀመሪያ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ከታች ሆኖ ጮኸ። «ሙሴ ላካዝ፣ የሞተው ሰጥሞ ነው። ማጅራቱ ላይ ትንሽ ሰንበር አለ፤ ሲወድቅ የጋኑ ከንፈር መትቶት ይሆናል። ወይን ወይን ይሸታል።»

«ወይን ውስጥ ሰጥሞ ምን እንዲሸት ነበር፣ የላቬንደር አበባ?» አለ ላካዝ።

ወይኑ ላይ ለመቅመሻ የሚቀዳበት የሸምበቆ ቱቦ ይንሳፈፋል። ወለሉ ንጹሕ ነው፤ የመስታወት ስባሪ የለም። በጋኑ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ በሚስማር የተሠራ የብርጭቆ መስቀያ አለ። የኤሚልየን ብርጭቆ፣ እግሩ የተሸረፈው፣ ታጥቦ ተዘቅዝቆ በቦታው ተሰቅሏል። ላካዝ ብርጭቆውን አንድ ሁለቴ በጣቱ መታ አደረገው። ክሪስታሉ ጮኸ። 

ወጥ ቤት ሲገባ ሊዮንቲን ድንች ትልጥ ነበር። ፍሎራን አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ይዟል፤ በአንድ እጇ እንዴት እንደምትልጥ እግዜር ይወቅ። ፍሎራን የጓዳው ምክትል ነው። ገና ጢም ሳያበቅል ጀምሮ ኤሚልየን እግር ሥር ያደገ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ እንባ ያረገዘ ሰው።

«እማማ፣ ልተዋችሁ» አለና ግንባሯን ስሞ ወጣ። በሩ ላይ ላካዝን ክንዱን ያዘው። «ሙሴ፣ እሷ ባትሰማ ይሻላል። የክርስትና አባቴ ዘንድሮ ይጠጣ ነበር። ክረምቱን ሙሉ። ይሳሳት ነበር፣ ይረሳ ነበር። እኔ ነኝ ስሸፍንለት የከረምኩት።»

«ጥሩ ልጅ ነህ» አለ ላካዝ።

ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እትዬ ሊዮንቲን፣ ትላንት ምሳ ምን ነበር?»

«ሰው ሞቶብኝ ስለ ምሳ ትጠይቀኛለህ? አንተ ፎርቱኔ፣ ያኔም ሆድህን ነበር የምታስቀድመው!»

«አሁንም ሆዴን ነው። ንገሪኝ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «የነጭ ሽንኩርት ሾርባ። ቅይጡ ባለቀ ሳምንት አዲሱን ወይን ቤቱ አምጥቶ ሻብሮ ያደርጋል፣ በየዓመቱ ነው።» ሻብሮ ማለት የሾርባው ትራፊ ላይ ቀይ ወይን ጨምሮ ሳህኑን አንስቶ መጨለጥ ነው፤ በዚህ አገር እሱን ሳያደርግ ከማዕድ የሚነሳ ወይ ታሟል ወይ ፓሪሳዊ ነው። «መጀመሪያ ቀመሰና 'ሊዮንቲን፣ ነጭ ሽንኩርቱ አሯል' አለኝ። ከዚያ ወይኑን ጨመረ፣ ሳህኑን አነሳ፣ አንዴ ጎንጨት አለ። አስቀመጠው። ገፋው። ገፋው፣ ይገባሃል? ሻብሮውን ትቶት!»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

ልጣጩን ከሽርጧ አራገፈች። «'ካልጣመህ ሄደህ ከበርሜልህ ጋር ብላ፣ እዚያው ቅር!' አልኩት። አንድ ቃል ሳይመልስ ተነስቶ ወጣ። ከምሳ በኋላ ሳይተኛ ውሎ የማያውቅ ሰው፣ ሳይተኛ ሄደ። እዚያውም ቀረ።»

ላካዝ ድንቾቹን አየ። «ከዚያ በፊት ምግብሽን ሲነቅፍ ነበር?»

«ዕድሜውን ሙሉ! ጨው በዛ፣ ቅጠሉ አነሰ... ዘንድሮ ግን ጉንፋን ከያዘው ወዲህ ዝም። አንድ ቀን ተሳስቼ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምሬ እንኳ ጭጭ ብሎ በላልኝ። እርጅና አለሰለሰው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ላካዝ አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ። ሊነሳ ሲል ሳህን ላይ የተደረደሩ ካንሌዎች አየና አንዱን ጎረሰ። ካንሌ ከእንቁላል አስኳል የሚጋገር ውጩ ጥቁር፣ ውስጡ ለስላሳ ጣፋጭ ኬክ ነው። ይኼኛው ግን ውስጡ ጓጓላ ነበር።

«አትብላው» አለች ሊዮንቲን፤ «ለለቅሶተኛ ነው የጋገርኩት፣ ግን አሳፈረኝ። ሊጡን ያቦካሁት ትላንት፣ ሳንፈልገው በፊት ነው። አስኳሉን ፍሎራን አመጣልኝ። ቆዳ አብጅቶ ነበር፣ እንደ ሰነበተ ወተት። በወንፊት ባጠልለውም አልጠፋ አለ።»

«ፍሎራን አስኳሉን መቼ ሰበርኩት አለሽ?»

«'አሁን ነው የጨረስኩት እማማ' አለኝ። ከሰዓቱን ሙሉ የአምናውን ወይን ሲያጠራ ነው የዋለው።»

ማጥራቱ በእኛ አገር በእንቁላል ነው። የተመታው ነጩ በርሜል ውስጥ ይገባና ድፍርሱን ሁሉ ጠርጎ ወደ ታች ይወርዳል። አስኳሉ ወደ ወጥ ቤት ነው። አስኳል የሚደፋ ሰው ሚስት አያገኝም ይባላል፤ ኤሚልየንም ሠራተኞቹን ሁሉ ያሳደገው በዚህ አነጋገር ነው።

ሳሎን ውስጥ የሻቶው ባለቤት መዳም ኤርሚን ከወንድሟ ልጅ ከኦክታቭ ጋር ትጨቃጨቅ ነበር። እሷ ካበርኔ እንደሚባለው ወይን ናት፤ ቀጥ ያለች፣ ደረቅ፣ ለመለስለስ ሃያ ዓመት የሚፈጅባት። ኦክታቭ ወይን ሻጭ ነው፤ ፒያኖው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ መጽሐፉ ላይ ያልታጠበ ብርጭቆ ትቶ ይሄዳል።

«ከኤሚልየን ጋር ተጣልተው ነበር አሉ» አለው ላካዝ።

«ተከራክረን ነበር!» አለ ኦክታቭ። «ለስላሳውን ወይን፣ ሜርሎውን፣ አብዛልኝ አልኩት። ሰው ሃያ ዓመት የሚጠብቅበት ዘመን አለፈ፤ ዛሬ ገዝቶ ዛሬ የሚጠጣ ነው የበዛው። እሱ ግን 'እናት ቤቱን ካዘዘች ልጆቹ ይሞላቀቃሉ' ብሎ ሳቀብኝ።»

«ትላንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

ኦክታቭ ቀላ። «ፓውያክ ከተማ... ጉዳይ ነበረኝ።»

«ምን ጉዳይ?» አለች መዳም ኤርሚን። «እኔ ሌስፓር ድረስ ለቀብር ሄጄ፣ አንተ ቤቱን ጥለህ ጉዳይ? ተናገር እንጂ!»

«ፀጉሬን ላስቀባ ነው፣ አክስቴ! በቃ! ፀጉሬን!»

መዳም ኤርሚን የወንድሟን ልጅ አናት ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሞና አየችው። «እኔ ደግሞ ሐዘኑ ያጠቆረህ መስሎኝ ነበር» አለች።

ላካዝ ወደ ጓዳው ተመለሰ። ከጋኑ ሥር ካለው ቧንቧ ትንሽ ቀዳ። ሰው የሞተበትን ወይን እንዴት ቀመሰ ብላችሁ ፊታችሁን አታጨፍግጉ፤ ቀምሶ ተፍቷል፣ እንደተማረው። ቀጥሎ መዳም ኤርሚን ከከፈተችለት ካቻምና ከተሞላ ጠርሙስ ቀመሰ። የካንትኩኩ ወይን ቤተሰብ ነው። ካበርኔ አባትየው ነው፤ አጥንቱ፣ ተግሣጹ። ሜርሎ እናትየዋ ናት፤ ሥጋው፣ ሙቀቱ፣ የተሰበሰቡትን በአንድ ማዕድ የምታስቀምጥ። ካበርኔ ፍራን ሽቶ የምትወድ አክስት ናት። ፔቲ ቬርዶ ደግሞ ያ ጥቁር አጎት ነው፤ ጠብታው ሠርግ ያደምቃል፣ ሲበዛ ጠብ ያስነሳል። ላካዝ ሁለቱን ወይኖች እያፈራረቀ አፉ ውስጥ አንከባለላቸው። አባትየው አለ። አክስትየዋ አለች። አጎቱም ጥግ ይዞ ይሳደባል። እናትየዋ ግን እሷ አይደለችም። መልኳን የመሰለች፣ ስትቀርቧት የምትቀዘቅዝ ሌላ ሴት ናት።

ከዚያ ፍሎራን የአምናውን ወይን አጠራሁበት ወዳለው ሁለተኛው ጓዳ ሄደ። ከፊተኛው የበርሜል ረድፍ ቀዳ፤ የአምና ወይን ነው፣ ረግቷል። ከኋለኛው ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ ቀዳ። ጥርስ የሚያጠቁር፣ ሐምራዊ፣ ገና ልጅ የሆነ ወይን ወጣ። በመጨረሻ ላካዝ እንቁላል ሰብሮ አስኳሉን በጎድጓዳ ሳህን አደረገና እዚያው በርሜል ላይ ትቶት ወጣ። ከምሳ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ድረስ በወይን ተክሎቹ መሐል እንደ እብድ ብቻውን ሲዞር ዋለ።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም በጋኑ ሥር ሰበሰባቸው። መዳም ኤርሚን ወንበር ይዛ ነው የመጣችው። ፍሎራን ሊዮንቲንን ደግፎ አስገባት፤ ሻሏን ትከሻዋ ላይ አስተካከለላት። ላካዝ በአንድ እጁ የኤሚልየንን ብርጭቆ፣ በሌላው በጨርቅ የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን ይዟል።

«ከብርጭቆው ልጀምር» አለ። «ኤሚልየን መሰላሉን የወጣው ሊቀምስ ነው፤ መቅጃ ቱቦው ጋኑ ውስጥ ተገኝቷል። ከቱቦ ግን አይጠጣም፤ ወደ ብርጭቆ ነው የሚገለበጠው። ሰክሮ ቢወድቅ ብርጭቆው ወይ ጋኑ ውስጥ፣ ወይ ወለሉ ላይ ተሰብሮ በተገኘ ነበር። ብርጭቆው ታጥቦ ተሰቅሏል። የሰጠመ ሰው ብርጭቆ አያጥብም።»

«ከመውጣቱ በፊት የታጠበ ቢሆንስ?» አለ ኦክታቭ።

«ታዲያ በምን ሊቀምስ ወጣ፣ በባርኔጣው? ሰው ነበረ፣ ሙሴ ኦክታቭ። ብርጭቆ የማጠብ ልማድ ያለው ሰው። እርስዎ ከዚህ ነፃ ነዎት፤ ፒያኖው ይመሰክርልዎታል።»

መዳም ኤርሚን በአፍንጫዋ ሳቀች። 

«ሁለተኛው አፍንጫ ነው። ኤሚልየን ዘንድሮ ጉንፋን ያዘው፤ ጉንፋኑ ሄደ፣ ማሽተቱ አልተመለሰም። ሁለቴ ጨው የገባበትን ምግብ ጭጭ ብሎ የበላው ፍቅር ይዞት አይደለም፣ እትዬ ሊዮንቲን፤ ጣዕም ስላጣ ነው። አፍንጫ የሌለው የጓዳ አለቃ ዓይን የሌለው አዳኝ ነው። ስለዚህ ደበቀው። ካንቺም ጭምር። ግን ቅይጡን መሥራት ነበረበት። በምን ቀመሰ?»

 ሊዮንቲን ቀስ ብላ እጇን ከፍሎራን እጅ አወጣች።

«በክርስትና ልጁ ምላስ ቀመሰ» አለ ላካዝ። «'ሜርሎው እንዴት ነው ልጄ?' ይለዋል፤ 'እንደ ወትሮው ነው፣ ለስላሳ ነው' ይለዋል። ሰው ለሰው ገንዘቡን አምኖ ይሰጣል፣ ቤቱን አምኖ ይሰጣል። ኤሚልየን አምኖ የሰጠው አፉን ነው። ያመነው ሰው ደግሞ እውነተኛውን ሜርሎ ኋለኛው ረድፍ ውስጥ የአምና ወይን አስመስሎ ደብቆ፣ በእሱ ፈንታ በቦቴ የመጣ የደቡብ ርካሽ ወይን ጋኑ ውስጥ አፈሰሰ። በዚህ ጋን ውስጥ እናትየዋ የለችም፣ መዳም። እንጀራ እናት ናት የገባችው።»

«በእኔ ወይን ውስጥ?» መዳም ኤርሚን ከወንበሯ ተነሳች። «በካንትኩኩ ጋን ውስጥ?»

«ሙሴ፣ ይሄ ስድብ ነው!» አለ ፍሎራን። «እኔ ከሰዓቱን ሙሉ ሳጠራ ነው የዋልኩት። አስኳሉን ራሷ ተቀብላኛለች። እማማ፣ ንገሪው እንጂ!»

«ነግራኛለች» አለ ላካዝና ጨርቁን ገለጠ። አስኳሉ እንደ ማለዳ ፀሐይ ያብረቀርቃል። «ይህን ከምሳ በኋላ ነው የሰበርኩት፣ እዚያው አንተ በዋልክበት ጓዳ። ጓዳው እርጥብ ነው፤ ቆዳ ለማብጀት አልደረሰም። ያንተ አስኳል ግን በወንፊት የማይጠፋ ቆዳ ነበረው፤ ከለቅሶው ካንሌ ቀምሼዋለሁ። እንቁላሉን የሰበርከው ኤሚልየን ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ነው፤ አስኳሉም ምድጃህ አጠገብ አድሯል። ማጥራቱን አስቀድመህ የጨረስከው ከሰዓቱ ባዶ እንዲሆንልህ ነው። መዳም ቀብር፣ ኦክታቭ ፀጉር፣ ኤሚልየን እንቅልፍ። ቦቴው መጥቶ ሜርሎውን ይወስዳል። ያልጠበቅከው አንድ ነገር ነበር፤ ኤሚልየን አልተኛም።»

«ለምን አልተኛም?» አለች ሊዮንቲን። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል። «በእኔ ነው? በተናገርኩት ነው?»

ላካዝ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «እትዬ ሊዮንቲን፣ ነጭ ሽንኩርቱ አሮ ነበር?»

አቀረቀረች። «አሮ ነበር። ትንሽ።»

«እንግዲያው አፍንጫው ያን ቀን ተመልሷል። የመጀመሪያ ሽታው ያንቺ ሽንኩርት ነው። ቀጥሎ ወይኑን ጨመረ፣ ጎንጨት አለ፣ ሳህኑን ገፋው። የገፋው ሾርባሽን አይደለም። ቅይጡን ነው። ሰክሮም አልነበረም፣ ራሱንም አልጣለም። በምላሱ የቀመሰውን ክህደት ከጋኑ ሊያረጋግጥ ነው የሄደው።»

ሊዮንቲን ፍሎራንን አየችው። ረጅም አየችው። «ጥርስህን ሳትነቅል ጀምሮ ነው ያሳደግኩህ» አለች። «ትላንት ስንፈልገው... 'እማማ፣ እዚህ ጋር እንየው' ብለህ ፋኖሱን የያዝክልኝ አንተ ነህ።»

ፍሎራን ግድግዳውን ተደገፈ። ትከሻው እንደ ባዶ ጆንያ ወረደ። «በየዓመቱ 'ዘንድሮ እለቅልሃለሁ፣ ጓዳው ያንተ ነው' ይለኛል። በየዓመቱ! አፍንጫው ጠፍቶ እንኳ አልለቀቀም። በእኔ ምላስ የእሱ ወይን! ለራሴ ትንሽ መሬት፣ የራሴን ረድፍ ወይን ፈለግሁ፣ በቃ...» ትንፋሹን ሳበ። «ቦቴውን ስጠብቅ መሰላሉ ላይ አገኘሁት። ወጣሁ። ቢጮህብኝ ኖሮ እኮ... አልጮኸም። ብርጭቆውን ሰጠኝና 'ቅመስ ልጄ፣ ምን ይልሃል?' አለኝ። 'እንደ ወትሮው ነው' አልኩት። ፊቱን አዞረብኝ። ያኔ ገፋሁት።»

«ከዚያ ብርጭቆውን አጠብክ» አለ ላካዝ።

«እኔ አላሰብኩትም። እጄ ነው ያጠበው። ስወርድ ይዤው ነበር... ታጥቦ መሰቀል አለበት።»

«አስኳሉንስ? ጉድጓድ ውስጥ ብትደፋው ማን ይጠይቅህ ነበር?»

«አስኳል አይደፋም» አለ ፍሎራን፣ ልክ ሕፃን ሳለ የተማረውን እንደሚደግም ሰው። ከዚያ የተናገረው ነገር ገባውና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ላካዝ ብርጭቆውን በቦታው ሰቀለው። «ጨዋ አድርጎ አሳድጎህ ነበር» አለ። «ያዘህም በዚያው ነው። እኔማ ካንሌ ከመብላት ሌላ ምን ሠራሁ?»

ፖሊሶቹ ፍሎራንን ወስደውት ሲሄዱ መዳም ኤርሚን ጋኑ ይደፋ ብላ አዘዘች። ቅይጡ በቦዩ ወደ ዢሮንድ ወንዝ ወረደ፤ ያን ሳምንት የተጠመደው ዓሣ ሁሉ ወይን ሳይጨመርበት ወይን ወይን ይል ነበር፤ ብታምኑም ባታምኑም። የኋለኛው ረድፍ ሜርሎ ግን ተረፈ። ማን ከአባትየው ጋር እንደሚያስታርቃት ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

ላካዝ ሊሰናበት ወጥ ቤት ሲገባ ሊዮንቲን ሾርባ ሠርታ ጠበቀችው። ነጭ ሽንኩርት ነው። ከዚያ ከተደበቀው በርሜል አንድ ማንቆርቆሪያ አስቀድታ ነበር። ሁለቱም በሉ። ትራፊው ላይ ሜርሎውን ጨመረች፤ ሾርባው ሐምራዊ ሆነ። የኤሚልየንን ሳህን በሁለት እጇ አነሳችና እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። አስቀመጠችው፣ አፏን በሽርጧ ጠረገች።

«አሯል» አለችና ሳቀች።

እንግዲህ መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ ጋኑም፣ ብርጭቆውም፣ አስኳሉም፣ የኦክታቭ ፀጉርም እውነት ናቸው። ጠርሙሴ ኮምጣጤ እንዳይሆንብኝ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። «አሯል» ማለቷን ላካዝ ራሱ ነግሮኛል። ሳቋን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷስ አልሳቀችም።